ነጭ፣ ቢጫና የአስጎብኚው

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለ የአይሱዙው ሾፌር፣ ገና ዱካውን ሳይስብ።

«145 ደቂቃ።»

«በዚህ ጊዜማ ቱርሚ ደርሼ፣ ጭነቴን አራግፌ እመለሳለሁ።»

«ሂድ። ስትመለስ ሰዎቹ እነዚሁ ናቸው፤ ፊልሙ ግን ሌላ ሆኖ ይጠብቅሃል» አለው አስጎብኚው።

አስጎብኚያችን በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተናገረው የመጨረሻው እውነት ይሄ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ገበያው ዳር እንደሚሸጠው በርኮታ፣ እንደ እንጨት በርጩማው፣ ቁጠሩት። ትናንት ተፈልፍሎ፣ ሌሊቱን ቅቤና ጥላሸት ሲጠጣ አድሮ፣ ጠዋት ለፈረንጅ «የአያቴ ነው» የሚባለውን ማለቴ ነው።

ዲመካ የሐመር ወረዳ ከተማ ናት። ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያ ይቆማል። ገበያው ሲበተን ፀሐይዋ አብራ ስለማትበተን ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። የእትዬ ሻይ ቤት ጥላ አለው፤ አስጎብኚው ላፕቶፕ አለው፤ ላፕቶፑ ደግሞ አንድ ቱሪስት በፍላሽ ትቶለት የሄደው የኮሪያ ፊልም አለው። እንዲህ ተሰበሰብን፦ ሾፌሩ፣ መምህሩ፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ እኔ፣ እና ቅቤዋን ሸጣ ጨርሳ፣ ባዶ ቅሏን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ሙቀቱ እስኪበርድ ደጃፉ ላይ የተቀመጠች አንዲት የሐመር ሴት።

ፊልሙ «አገልጋይዋ» ይባላል። ይባላል እንጂ፣ በኮሪያኛ ርእሱ የሚጠራው እመቤቲቱን ነው፤ አገልጋይዋን የሚጠራው የእንግሊዝኛው ነው። ገና ከሰሌዳው ላይ ማን ዋና ማን ጭራ እንደሆነ አልተስማሙም። ዳይሬክተሩ ፓርክ ቻን-ዉክ ነው። ታሪኩን ሳራ ዋተርስ ከምትባል ዌልሳዊት ደራሲ የ2002 ልብ ወለድ ወሰደና ከለንደን ነቅሎ፣ በ1930ዎቹ፣ ጃፓን በተቀመጠችባት ኮሪያ ተከለው። በ2016 ካን ላይ ታየ። በእኛ 2008 መሆኑ ነው፤ ካና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ማናገር የጀመረበት ዓመት። ይሄኛውን ካና አላናገረልንም፤ ያናገረልን አስጎብኚው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ፊልሙ ውስጥ ሰዎቹ አንዴ በኮሪያኛ አንዴ በጃፓንኛ ይናገራሉ። ተመልካች እንዳይምታታበት የኮሪያኛው ትርጉም በነጭ፣ የጃፓንኛው በቢጫ ከሥር ይጻፋል። ሁለቱም እንግሊዝኛ ነው። ዲመካ ላይ ሦስተኛ ቀለም ተጨመረበት።

ታሪኩን ላሳጥረው። ኪስ በማውለቅ ያደገች ሱክ-ሂ የምትባል ልጅ አለች። አንድ አጭበርባሪ «ፉጂዋራ የሚባል ጃፓናዊ ኮንት ነኝ» ብሎ ይመጣና ሥራ ይሰጣታል፦ ሀብታም ወራሽ የሆነችው ሂደኮ ቤት አገልጋይ ሆነሽ ግቢ፣ ልቧን ወደ እኔ አዙሪልኝ፣ አገባታለሁ፣ ሀብቷን እወርሳለሁ፣ እሷን እብዶች ቤት እጥላታለሁ፣ ለአንቺም ድርሻሽን አነሳልሻለሁ።

«ኮንት?» አለ መምህሩ ቀና ብሎ። «ቆይ፤ ኮንት የሚባል ሰውና ሁለት ቋንቋ አንድ ቤት ከገቡ፣ ውጫሌ ነው ይሄ!»

አልተሳሳተም። ኮንት አንቶኔሊ በ1881 ዓ.ም. ይዞት የመጣው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ነበር፣ በጣሊያንኛው ግዴታ። ነጭና ቢጫ ቀለም ያኔ ቢኖር ስንት ሰው ከዐድዋ በሕይወት ይመለስ ነበር።

«አሁን ምን አለች?» ይላል ሾፌሩ።

«እንደምን አደሩ አለቻቸው።»

«ይሄ ሁሉ መስመር እንደምን አደሩ ነው?»

«ጃፓን ሰላምታ ያበዛል።»

ሾፌሩ አመነ። እሱ ራሱ ከሐመር ሽማግሌ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ቡና ይበርድበታል።

ቀጥሎ የገላ መታጠቢያው መጣ። እመቤት ገንዳ ውስጥ ተቀምጣ ከረሜላ ትልሳለች፤ ጥርሷ ሹል ሆኖ አፏን ይወጋታል፤ አገልጋይ ልብስ ሰፊ ጣቱ ላይ የሚሰካትን የብረት ቆብ ጣቷ ላይ አጥልቃ ቀስ እያለች ትሞርድላታለች። ሌላ ምንም የለም። ግን ሻይ ቤቱ ውስጥ የማንኪያ ድምፅ ጠፋ።

«ጥርስ ነው የምትሞርድላት» አለ አስጎብኚው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«የእኔም ካምቢዮ ጥርሱ አልቋል» አለ ሾፌሩ። «ጂንካ ያለው መካኒክ ግን እንዲህ ዓይን ዓይኑን እያየ አልሞረደለትም።»

ከዚያማ ዋናው መጣ። ማታ ነው፣ መኝታ ቤት ነው፣ ሁለቱ ብቻ ናቸው። አስጎብኚው ሁለት ዓይነት ላብ አላበው። «እ... ስለ ሠርጉ ሌሊት እያስጠናቻት ነው» አለ። ምስኪን፣ ሊዋሽ ብሎ ልክ አለ፤ ፊልሙም ላይ ሰበቡ እሱው ነው። ሰበቡ እያጠረ ጥናቱ ሲረዝምበት ግን መዳፉን ዘርግቶ ስክሪኑን ጋረደው።

«እጅህን አንሣ» አለ መምህሩ፣ «ጽሑፉን ሸፈንክብኝ።»

«መምህር፣ ጽሑፉ ያለው ከታች ነው። የእኔ እጅ ያለው ከላይ ነው።»

የሒሳብ ሠራተኛው ብድግ አለ። ብድግ የሚል ሰው አይጠፋም። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤቷን «ሰይጣን ቤት» ብላ የሰየመች ከተማ ናት፤ ያኔም ገብቶ ሳያይ የሰየማት ሰው ያለ አይመስለኝም። «ይሄ ባህላችን አይደለም!» አለ። «ሒሳብ ይንገሩኝ!»

እትዬ ከጀበናው ቀና አሉ። «የትኛው ነው ባህልህ ያልሆነው?»

«ይሄ... ሁለት ሴት...»

«አንድ ሰዓት ሙሉ ያ ጎረምሳ ልጅቱን አግብቶ፣ ወርሶ፣ እብድ ናት ብሎ ሊያስቆልፍባት ሲዶልት ቡናዬን እየጠጣህ ስትስቅ ነበር። እሱ ባህልህ ነው? ሁለቱ ሲተዛዘኑ ነው የተነሣኸው?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ተቀመጥ። ሒሳቡ ገና አልደረሰም።»

ተቀመጠ። ዓይኑን በጋዜጣ ሸፈነ። ጋዜጣው የተገለበጠ ነበር።

የውጭዎቹን ተመልካቾች ነገር በዚሁ ላንሣ። ኮሪያ ውስጥ ለአካለ መጠን ያልደረሰ እንዳያየው ተከልክሎ ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰው ትኬት ቆርጦ ገባ፤ ሁሉም ለልብስ ስፌቱ ነው ይላል። ለኦስካር ግን ኮሪያ የላከችው ሌላ ፊልም ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ የሚያፍሩባትን ጎበዝ ልጅ ጓዳ እንደ መደበቅ ያለ ነገር ነው። እንግሊዞቹ ደግሞ በ2018 ባፍታን ሰጡት። ሴት የጻፈችውን የሴቶች ታሪክ ወንድ አነሣውና ካሜራው የወንድ ዓይን ሆነ ብለው የወቀሱም አሉ። ወቀሳው ባዶ አይደለም፤ ካሜራው አንዳንድ ቦታ ላይ ከታሪኩ ይልቅ ለራሱ እንደሚቆይ ዲመካ ላይም ታውቋል። ደራሲዋ ራሷ ግን ፊልሙን ወድዳዋለች። ባለቤቲቱ ሳትከፋ ጎረቤት ያኮረፈበት ነገር ነው።

ወደ እኛው ልመለስ። የመጀመሪያው ክፍል ማለቂያ ላይ እብዶች ቤት በር ላይ ይደርሳሉ። ሊያስገቧት ነው ብለን እመቤቲቱን እያየን ሳለ የእብዶች ቤቱ ሰዎች አገልጋይዋን ግራና ቀኝ አፈፍ አደረጓት። ተበላች! አታላይ ነኝ ብላ ስትሠራ የኖረችው ልጅ ራሷ ናት ከመጀመሪያው የታሰበላት።

«ያመኑት ፈረስ...» ብሎ ጀመረ ሾፌሩ።

«ፈረስ የለም» አለ አስጎብኚው። እልህ ይዞታል፤ ይቺን ትክክል ተርጉሟታል።

ሁለተኛው ክፍል ያንኑ ታሪክ በእመቤቲቱ ዓይን ከሥሩ ይጀምረዋል። ያየነው በር ከወዲያ በኩል ይታያል፤ የሰማነው ድምፅ ሌላ ትርጉም ይዞ ይገኛል። መምህሩ ደስታውን አልቻለም። «ገባችሁ? የመጀመሪያው ሰም ነው፣ ሁለተኛው ወርቅ!»

«ፊልሙ እኮ ሦስት ክፍል ነው» አለ ሾፌሩ። «ሦስተኛው ምን ይባላል?»

መምህሩ ዝም። ቅኔ ቤት ይሄን አላስተማሩትም።

«ደላላ» አሉ እትዬ።

አሁን ንባቡ ጋ ደረስን፤ ስለ ንባቡ ነው ይሄን ሁሉ መጻፌ። ሂደኮን ያሳደጋት ኩዙኪ የሚባል የአክስቷ ባል አለ። ብሩሹን በምላሱ እያረጠበ ሲጽፍ ኖሮ ምላሱ በቀለም ጠቁሯል። («ምላሰ ጥቁር ነው፣ እርግማኑ ይደርሳል» አሉ እትዬ፤ ደረሰም።) ሰውዬው የብልግና መጻሕፍት ሰብሳቢ ነው። ሸበቶ መኳንንት በጓንትና በክራባት ይጠራል፤ ልጅቱን አስውቦ፣ አልብሶ፣ ወንበር ላይ ያስቀምጥና እነዚያን መጻሕፍት ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። እነሱ ይሰማሉ። አይነኳትም። ምራቃቸውን ይውጣሉ፣ ይወራጫሉ፣ ከዚያ መጽሐፉን ይጫረታሉ።

ከደጃፉ ድምፅ መጣ። የሐመሯ ሴት ናት። ቅቤና ቀይ አፈር የተቀባው ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ይወዛወዛል፤ የመጀመሪያ ሚስት መሆኗን የሚናገረው የአንገቷ ብረት ወደ ፊት ወጥቷል። በሐመርኛ አንድ ነገር አለች። አስጎብኚው ሳቀና ተረጎመልን፦

«ለአንድ ንባብ ስንት ይከፈላታል ወይ ትላለች።»

«ምንም አይከፈላትም በላት» አልኩት።

ነገራት። ቅሏን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድላት መለሰች፤ እሱም፦ «ፎቶ አምስት ብር በነበረበት ዘመን እንኳ በነጻ አልቆምኩም፤ ሞኝ ናት ወይ ትላለች።»

«ሰዎቹስ ምን እያዩ ነው?» አለች፣ በእሱው አፍ።

«አያዩም፣ ይሰማሉ እንጂ።»

«ሳያዩ ይከፍላሉ?»

ይሄኔ ተነሥታ ወደ ውጭ ጮኸች። ሌሎች ሁለት መጡ። ከደጃፍ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ላፕቶፑ ፊት ሦስቱም ተደርድረው ተቀመጡ። ከዚህ በኋላ በዚያች ሻይ ቤት ውስጥ ፊልሙን በቁም ነገር ያዩት እነሱ ነበሩ።

ለምን እንደገባቸው ማወቅ አይከብድም። ቅዳሜ ጠዋት ገበያው አፍ ላይ ቁሙ። ላንድክሩዘር ይቆማል፤ የተከበሩ ሽማግሌና አሮጊቶች ኮፍያቸውን አጥልቀው ይወርዳሉ፤ አይነኩም፣ ያያሉ። ጠቅ ጠቅ ይላል። ሴቲቱ በጣቷ ትቆጥራለች፤ ሰውዬው «አንዴ ብቻ ነው ያነሣሁት» ይላል፤ እሷ አራት ጣት ታሳያለች። ካሜራውን የያዘው ሰው ተመልካች የሆነ ይመስለዋል። እሷ ግን ገና ከመኪናው ሲወርድ ጫማውን፣ ቦርሳውን፣ የአስጎብኚውን ፊት አንብባ ዋጋ ቆርጣለች። ማን ነው እዚህ አንባቢው? ማንስ ነው ወንበር ላይ የተቀመጠው?

እኛም መሐል አገሮቹ ከዚህ አናመልጥም። ፍቅረማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ»ን ሲጽፍ ስንቱ የአዲስ አበባ አንባቢ ነው ትራሱ ላይ ሆኖ ሐመር የገባው! ከዚያ አንዱ ዓመት ቆይቶ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ዲመካ ይወርዳል፣ «የኤቫንጋዲ ጭፈራ የታለ?» ይላል። «ማታ ነው» ይሉታል። «እሺ የታሉ እነዚያ የመጽሐፉ ሰዎች?» ይላል። «መጽሐፉ ውስጥ» ይሉታል። ያኮርፋል፤ ገንዘቤን መልሱ ማለት ነው የቀረው።

በ1990 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቢቢሲ እዚሁ ሐመር ውስጥ የሠራው ጥናታዊ ፊልም አለ፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ፈገግ የሚሉት ሴቶች» ነው። ዳይሬክተሯ ጆአና ሄድ ናት፤ ወሬውን የምታወራቸው ደግሞ ከሐመሮች ጋር ዓመታት የኖረችውና ቋንቋቸውን የምትናገረው አንትሮፖሎጂስቷ ጂን ላይዶል። ሴቶቹ ስለ ባል፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ዱላ እየሳቁ ይናገራሉ። መሐል ላይ የቆመ አስጎብኚ የለም። የኛው ሰው ይሄን ፊልም ስነግረው «ታዲያ ማን ተጠቀመ?» አለኝ። ከኪሱ አንጻር ልክ ነው።

ሌላም አለ። ያ ኩዙኪ የሚያጫርታቸው መጻሕፍት ዋናዎቹ አይደሉም፤ ዋናዎቹን ሊለቅ ስለማይችል «ኮንቱን» ቀጥሮ ቅጂ ያሠራል። ይሄ ሲገባው አንድ በርኮታ ፈልፋይ ጎረምሳ ከበሩ ብቅ ብሎ «ጥላሸት ይቀቡታል?» አለ። የተመልካች ጥያቄ መሰለን እንጂ የሙያ ጥያቄ ነበር።

ደግሞስ ኩዙኪ ጃፓናዊ ነው? አይደለም፤ ጃፓናዊ ለመሆን የቋመጠ ኮሪያዊ ነው። ኮንቱስ? የጄጁ ደሴት የድሃ ልጅ ነው። መምህሩ ይቺን ሲሰማ እንደገና ተነሣ። እኛም ጃፓን ጃፓን ያልንበት ዘመን ነበር አለ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓን ደርሰው መጥተው በ1924 «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳትመዋል፤ አብረዋቸው የሄዱት ልጅ አርአያ አበበ ማሳኮ ኩሮዳ የምትባል የጃፓን መኳንንት ልጅ ሊያገቡ ነበር፤ ሙሶሎኒ ከነከነውና በ1934 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነገሩ ፈረሰ።

«አይ ጉዳት!» አለ ሾፌሩ ጭንቅላቱን ይዞ። «ባይፈርስ ኖሮ ዛሬ ቶዮታ የምንገዛው በዝምድና ነበር።»

ሳቅን። ግን እኛ የጃፓንን ብርሃን ከሩቅ ስናደንቅ ኮሪያዎቹ መብራቱ ዓይናቸው ላይ ተደቅኖባቸው ነበር፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ1910 እስከ 1945 በገዛ አገራቸው ስማቸውን እስከ መቀየር ደርሰዋል። የኛው ቃኘው ሻለቃ የደረሰላቸው በእኛ 1943 ዓ.ም. ነው፤ ለሌላ ጦርነት።

«ትንሽ ቀደም ቢሉ ልጅቱን ከዚያ ሽማግሌ ያስጥሏት ነበር» አለ የሒሳብ ሠራተኛው፣ ከጋዜጣው ጀርባ።

«ታያለህ እንዴ?» አሉት እትዬ።

«እሰማለሁ።»

«እንደ መኳንንቱ።»

ጋዜጣውን አጠፈው።

ወዲያው መጽሐፍ ቤቱ መጣ። ሁለቱ ሴቶች፣ ለካ ከእኛ ተደብቀው ተስማምተው ኖረዋል፣ ሊያመልጡ ነው። እመቤቲቱ አገልጋይዋን ወስዳ ስታነብ የኖረችውን ታሳያታለች። ሱክ-ሂ ማንበብ የማትችል ልጅ ናት፤ ሥዕሉ ግን ፊደል አይጠይቅም። በሩ ላይ ማንም ከዚህ እንዳያልፍ የተተከለውን የእባብ ሐውልት አንገቱን ብላ ጣለችው፤ መጻሕፍቱን ቀደደች፣ ቀለም ደፋችባቸው፣ ውኃ ውስጥ ነከረቻቸው፣ ረገጠቻቸው። እመቤቲቱ መጀመሪያ ፈርታ፣ ከዚያ አብራ።

የሒሳብ ሠራተኛው ጊዜው የደረሰ መሰለው። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች!» አለ።

እትዬ ይሄን ተረት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት እንደኖሩ ፊታቸው ላይ ይታያል። ስኒውን አስቀመጡ።

«ያቺኛዋስ መጽሐፉ ምን እንደሚል ማን አይቶ ነው የፈረደባት?»

ማንም አልመለሰም። ሦስቱ የሐመር ሴቶች ትርጉም አልጠየቁም፤ ያቺ ልጅ ውኃው ውስጥ ወረቀት ስትረግጥ እነሱም መሬቱን በእግራቸው እየመቱ ነበር፣ አምባር በአምባር ላይ እየተንቋቋ።

ኮንቱና ኩዙኪ ምድር ቤት ተገናኙ። ጣት የሚቆረጥበት ነው፤ እሱን ዘለልነው፣ ሲጋራው ጋ ስንደርስ ግን ሾፌሩ የራሱን አጠፋ። ኮንቱ ሲጋራው ውስጥ ሜርኩሪ ጨምሮበት ነበር፤ ክፍሉ ሰማያዊ ጢስ ሞላና ሁለቱም ተያይዘው ሄዱ።

እዚህች ላይ ላፕቶፑ ድርግም አለ። ባትሪ።

«መጨረሻውስ?» አልን ባንድ አፍ።

አስጎብኚው ጉሮሮውን ጠረገ። አንዴ የሒሳብ ሠራተኛውን አየ፣ አንዴ እትዬን አየ። ሁለቱንም የሚያስደስት መጨረሻ ፍለጋ ነበር። «እነዚያ ሴቶችማ» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እጁን ወደ ተራራው ዘርግቶ፣ «ወደብ ላይ ተያዙ። አልቅሰው ይቅርታ ጠየቁ። አገልጋይዋ ወደ እናቷ ተመለሰች፣ እመቤቲቱም አንድ ጨዋ ሰው አገባች።»

የሒሳብ ሠራተኛው ራሱን ነቀነቀ። መምህሩ ትንሽ ቅር አለው። ባለ ቅሏ ሴት ግን በቀጥታ፣ በገበያ አማርኛዋ፣ እየሰባበረች፦

«ውሸት።»

«እንዴት አወቅሽ? አላየሽው!»

«ስለ እኔ ለፈረንጅ ስትነግር በዚህ ድምፅ ነው።»

እትዬ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት። አስጎብኚው ጆሮው ቀላ። «እሺ... አመለጡ» አለ። «አንዷ የወንድ ሱፍ ለብሳ፣ ጺም ለጥፋ። መርከብ ላይ ናቸው፤ ወደ ሻንጋይ።»

«ከእነ ብሩ?» አለች።

«ከእነ ብሩ።»

ራሷን ነቀነቀችና ቅሏን አነሣች። የተናገረችውን እንዳልረሳው ስልኬን አውጥቼ መጻፍ ስጀምር ከላዬ ቆመች፤ መዳፏን ዘረጋች።

«ፎቶ አይደለም» አልኳት። «እየጻፍኩ ነው።»

ስልኩን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ጫማዬን አየች።

«ስለ እኔ?»

«ስለ አንቺ።»

መዳፏ ከነበረበት ፈቀቅ አላለም።